ልጄና ቀይዋ ቆጣሪ

ሮቤ ውስጥ «ልጁ መሬት ላይ ወድቃ እሱ ሰዓቱን ያያል» ተብሎ የሚወራበት ሰው እኔ ነኝ። ወሬው ውሸት አይደለም። አይቻለሁ። አንድ ጊዜ ብቻም አይደለም፤ ለዓመታት በወደቀች ቁጥር አይቻለሁ። ሰው ወሬው ላይ ምን እንደሚጨምርበትም አውቃለሁ። አንዳንዱ ልቡ ድንጋይ ነው ይላል፤ አንዳንዱ ጠንቋይ ሰዓት ጠብቅ ብሎት ነው ይላል፤ አንድ የባጃጅ ሹፌር ደግሞ «ቀጠሮ ረፍዶበት ይሆናል» ብሎ ሰፈሩን በሙሉ አስቆብኛል። ለማንም መልስ ሰጥቼ አላውቅም። አሁንም የምጽፈው ለእነሱ ብዬ አይደለም። ፍርሃት እኔን ምን እንዳደረገኝ አንድ ቦታ ላይ ተጽፎ እንዲገኝ ስለፈለግሁ ነው።

ሰዓቱን የገዛሁት ልጄ ከመታመሟ በፊት ነው። ሥራዬ የኮምባይነርና የትራክተር መለዋወጫ መሸጥ ነው፤ ቺንጊያ፣ ኩሽኔታ፣ ብሎን፣ የዘይት ማጣሪያ። የባሌ ስንዴ እስከታጨደ ድረስ እኔም እንጀራዬን አላጣም። በዓመት ሁለት ጊዜ ዕቃ ለማምጣት አዲስ አበባ እሄዳለሁ፤ ከእነዚያ ጉዞዎች በአንዱ ዝናብ ሽሽት የገባሁበት ሱቅ መስተዋት ውስጥ አየሁት። ስዊዘርላንድ የተሠራ ክሮኖግራፍ። ጥቁር ፊት፣ ፊቱ ላይ ሦስት ትናንሽ ክቦች፣ ጎኑ ላይ ሁለት ቁልፎች፣ መሐሉ ላይ አንዲት ቀጭን ቀይ ቆጣሪ። ሻጩ «ከስዊዝ ሰዓቶች እንደዚህ ረከስ ያለ አታገኝም» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ከጎኑ ከተደረደሩት ጋር ሲተያይ ርካሽ ነበር። ለእኔ ግን ርካሽ አልነበረም። ለባለቤቴ ሳልነግር ገዛሁትና ሮቤ እስክደርስ ድረስ እጅጌዬን ወደ ላይ ስሰበስብ ነው የመጣሁት።

ለምን እንደወደድኩት አውቀዋለሁ። ግምት አልወድም። ደንበኛ መጥቶ «ይህን የምታህል ብሎን» ብሎ በጣቱ ሲያሳየኝ ደሜ ይፈላል። ስንት ሚሊሜትር? እለዋለሁ። «ብቻ ይህን የምታህል።» ሂድና ለክተህ ና! ብዬ የመለስኳቸው ሰዎች ቁጥር ቀላል አይደለም። ሰከንድን እንኳ ከፋፍሎ የሚቆጥር ዕቃ እጄ ላይ ማሰር ለእንደኔ ዓይነቱ ነጭናጫ ትልቅ ደስታ ነበር።

ሮቤ ስገባ አድናቆት ጠብቄ ነበር። የጠበቀኝ ግን «ሰዓትህ ቆሟል» የሚል ነው። ክሮኖግራፍ የማያውቅ ሰው መጀመሪያ የሚያየው መሐል ያለችውን ረጅሟን ቀይ ቆጣሪ ነው፤ እሷ ደግሞ ካላዘዟት አትንቀሳቀስም። የዘወትሩን ሰከንድ የሚቆጥረው ከታች ባለው ትንሽ ክብ ውስጥ ያለው ነው። ቀይዋ የምትነሣው የላይኛውን ቁልፍ ሲጫኑት ነው፤ ደግመው ሲጫኑት ትቆማለች፤ ከቆመች በኋላ የታችኛውን ሲጫኑ ወደ መነሻዋ ትመለሳለች። ይህን ለስንቱ ላስረዳ? «ስዊዘርላንድ ድረስ ሄዶ የቆመ ሰዓት ገዛ» እያሉ ሲስቁብኝ፣ ማስረዳቱን ትቼ የላይኛውን ቁልፍ ጠቅ ማድረግ ለመድኩ። ቀይዋ ትሮጣለች፣ የሳቀውም ዝም ይላል። ብዙ ጊዜ ማቆሙን እረሳና ግማሽ ቀን ስትሮጥ ትውላለች።

ሁለት ወር ሳይሞላ ልጄ ወደቀች። ዐሥራ አንድ ዓመቷ ነበር፤ ያለችን ልጅ እሷ ብቻ ናት። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሱቄ ትመጣና ባንኮኒው ጫፍ ላይ የቤት ሥራዋን ትሠራለች። የዚያን ዕለት ከአጋርፋ የመጣ አንድ ገበሬ ቺንጊያ እያማረጠ ነበር። ከጀርባዬ አንድ ድምፅ ሰማሁ። ያንን ድምፅ እስከ ዛሬ ምን ብዬ እንደምጠራው አላውቅም። ዞር ስል ልጄ በባንኮኒውና በዘይት ጀሪካኖቹ መሐል ተዘርግታ ትንዘፈዘፋለች፤ አፏ አረፋ ደፍቋል።

ገበሬው በጋቢው አፍንጫውን ሸፍኖ ወደ በሩ አፈገፈገ፤ ትንፋሿ ይጋባል ብሎ ነው። ደጅ የተሰበሰበው ሰው «ክብሪት! ክብሪት አሽትቷት!» ይላል። አንዱ ለኩሶ እጁን ወደ ውስጥ ዘረጋ፤ ያውም ዘይትና ቤንዚን ባለበት ሱቅ። እኔ እንኳን እሱን ልከለክል እግሬን ማንቀሳቀስ አቃተኝ። ልጄ እየሞተች ነው ብዬ አምኛለሁ፤ ቺንጊያውን እንደያዝኩ ግን ደርቄ ቀረሁ። የደረሱላት ከጎኔ ባለው ሱቅ ልብስ የሚሰፉት፣ ሁላችንም አዴ የምንላቸው ጎረቤቴ ናቸው። ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ ሰውየውን ከነክብሪቱ ገፍትረው ገቡ፤ «ቢስሚላህ» ብለው ተንበረከኩና ሻርፓቸውን ከራሷ ሥር አድርገው እጇን ያዙ። «ኢንተላ ኮ፣ ሂን ሶዳቲን» ይሏታል ቀስ ብለው፤ ልጄ፣ አትፍሪ ማለታቸው ነው። እኔ አባቷ ግን ቺንጊያውን ገና ከእጄ አላስቀመጥኩም።

በማግሥቱ እኔና ባለቤቴ ጎባ ሐኪም ቤት ወሰድናት። የተቀበለችን ሐኪም ገና ወጣት ናት፤ ረጋ ብላ አስረዳችን። የሚጥል በሽታ ነው፣ አይጋባም፣ ክኒኑን ሳታቋርጥ ትውሰድ፣ ስትወድቅ በጎኗ አስተኟት፣ ክብሪት የሚባል ነገር አይምጣ፣ አፏ ውስጥም ምንም እንዳታስገቡ። ከዚያ ወደ እኔ ዞር አለች።

«አባት፣ አብዛኛውን ጊዜ በሁለት በሦስት ደቂቃ በራሱ ይተዋታል። አምስት ደቂቃ ካለፈ ግን፣ ወይም ሳትነቃ ከደገማት፣ እንዳይጠብቁ። ወዲያው ይዘዋት ይምጡ። በዚያን ሰዓት አንዱ ደቂቃ ዐሥር ስለሚመስል በግምት አይሁን። ሰዓት አለዎት?»

እጅጌዬን ሰብስቤ አሳየኋት። «እንዲያውም ጥሩ ሰዓት ነው» አለች።

ያን ጊዜ የተሰማኝን እፎይታ ዛሬም አስታውሰዋለሁ። ቆሜ የቀረሁት ሰው ሥራ ተሰጠኝ። አምስት ደቂቃ የሚባል መስመር አለ፤ ከመስመሩ ወዲህ ልጄ ትተርፋለች፤ እኔ ደግሞ መስመሩን በሰከንድ የሚለካ ዕቃ አለኝ። ከሐኪም ቤቱ ስንወጣ አንድ የኪስ ደብተር ገዛሁ።

ሁለተኛው ጊዜ ቤት ውስጥ መጣ። አውራ ጣቴ ቁልፉን አገኘው፤ ቀይዋ ተነሣች፤ ዓይኔን ተከልኩባት። ባለቤቴ አስተኛቻት፣ ባለቤቴ ጠረገቻት፣ እኔ «አንድ ደቂቃ... አንድ ተኩል...» እያልኩ ጮክ ብዬ ቆጠርኩ። ሁለት ደቂቃ ከዐሥራ አራት ሰከንድ። ጻፍኩት። ከዚያ በኋላ ሁሉም እንደዚያው ሆነ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ደቂቃውን፣ ሰከንዱን በአራት ረድፍ እጽፋለሁ። ክኒኑ ቀነሰላት እንጂ አላቆመላትም፤ አንዳንዴ ሁለት ወር ዝም ይልና ልባችንን ጥለን ስንቀመጥ ይመጣል።

በእነዚያ ጊዜያት እንዴት እንደኖርኩ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ጆሮዬ ቆሞ ነው የኖርኩት። ማድ ቤት ክዳን ሲወድቅ ከመቀመጫዬ ብድግ እላለሁ። ሱቅ ውስጥ ኩሽኔታ ከእጄ አምልጦ ሲንከባለል ራሴ ጥዬው ራሴ እደነግጣለሁ። ቤተ ክርስቲያን እሷ ከእናቷ ጋር በሴቶቹ በኩል፣ እኔ በወንዶቹ በኩል ስንቆም፣ ቅዳሴውን ትቼ ከዚያ ወገን የሚመጣ ድምፅ ነው የማዳምጠው። ሰዓቱን ስታጠብም አላወልቀውም፤ ባለቤቴ መኝታ ላይ «ይህን ብረት አውልቀው፣ ቧጨርከኝ» ትለኛለች፤ አላወልቅም። ተደውሎልኝ የማላውቀው ቁጥር ከሆነ ትምህርት ቤቱ ነው ብዬ ገና ሳላነሣው የሱቁን ቁልፍ እፈልጋለሁ። ይኸው ነው ኑሮዬ የነበረው፤ ደንበኞቼ ግን ቁጡነቴ የባሰበት እየመሰላቸው ይታገሡኝ ነበር።

እናቴ ደግሞ ሌላ ጭንቀት ጨመሩብኝ። «ይህ ሰዓት ቤታችን ከገባ ወዲህ ነው። እጅጌህን እየሰበሰብክ ለከተማው ስታሳይ ዓይን አስገባህባት» አሉኝ። ሳቅሁባቸው። ከዚያ ሳምንቱን ሙሉ አውልቄ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፍኩበት። እኔ፣ በሚሊሜትር ካልሆነ የማልሸጠው ሰውዬ! በሰባተኛው ቀን ሳላስረው ብትወድቅስ ብዬ ፈራሁና መልሼ አሰርኩት። ልጄ ይህን ሁሉ ዝም ብላ ታያለች። ዝምተኛ ሆናለች፤ በሽታው ነው እንል ነበር።

ዐሥራ አራት ዓመት በሞላት ዓመት፣ የትምህርት ቤት ዕረፍት ላይ፣ አዴ «ሪራ ያለው ወንድሜ ማር ቆርጧል፣ ልጅቷን ይዘሃት ና፣ አየር ትለውጥ» አሉኝ። መኪናውን የሚነዱት ባለቤታቸው ናቸው፤ ሰፈሩ ሐጂ የሚላቸው፣ ከአፋቸው ቃል የማይወጣ ሽማግሌ። ባለቤቴ ሱቁን ያዘች። ልጄ ለመነችኝ፤ ከስንት ጊዜ በኋላ አንድ ነገር ስትለምነኝ እምቢ ማለት አቃተኝ። በጠዋት ወጥተን የሳነቴን አምባ በጠራ ሰማይ ተሻገርን። ሪራ ጫካው ሥር እስኪበቃን ማር በላን፤ ልጄ ከአዴ የወንድም ልጆች ጋር በሁለት ቋንቋ ስትስቅ ዋለች።

ልንመለስ ስንሰናበት የአዴ ወንድም እጄን ይዘው ሰዓቱን ተመለከቱ። «ይሄ ሰዓት ቆሟል መሰለኝ» አሉ። አልቀረልኝም። የላይኛውን ቁልፍ ተጫንኩ፤ ቀይዋ ስትሮጥ «ማሻአላህ» አሉ፤ እኔም ደስ ብሎኝ መኪና ውስጥ ገባሁ።

ሳነቴ ላይ ስንወጣ ጭጋጉ ወርዶ ጠበቀን። ሐጂ መብራት አብርተው በእግር ሰው ፍጥነት ይነዳሉ፤ ሰው ከሚመስሉት ረጃጅም የጅብራ ተክሎች ሌላ የሚታይ የለም፣ እነሱም ብቅ ብለው ይጠፋሉ። ካፊያው በረዶ ቀላቅሏል። ልጄ ከኋላ ከአዴ ጋር ተቀምጣ ነበር፤ የመንገዱ ጥምዝምዝ አዙሯት ኖሮ ልታስመልስ ነው አለች። ቆምን። ወረደች፤ እኔም ወረድኩ። ሦስት እርምጃ ያህል ርቄ ቆሜያለሁ። ቀና አለችና ዞረች፤ በቃ፣ መጣ። ለምጄዋለሁና ያቺን አዟዟር አውቃታለሁ። አውራ ጣቴ ቁልፉን ተጫነ። ጠጠሩ ላይ ስትወድቅ ሰማኋት።

ቀይዋ አልተነሣችም። ቆማለች፤ ያውም መነሻዋ ላይ ሳይሆን መሐል መንገድ ላይ። ሰዓቱ ሞተ ብዬ ነፍሴ ልትወጣ ደረሰች። ከሪራ ጀምራ ስትሮጥ እንደመጣች፣ እኔ ስጫን እንዳቆምኳት ያኔ አልገባኝም። ደግሜ ተጫንኩ፤ ሮጠች፤ ግን ከመሐል ነው የምትቆጥረው። የታችኛውን ተጫንኩ፤ አልመለስ አለች። ጣቴ በብርዱ ደንዝዟል፣ መስተዋቱ ረጥቧል። እንደምንም አቆምኳት፣ መለስኳት፣ አስነሣኋት። ይህን ሁሉ ሳደርግ ስንት ጊዜ እንደፈጀሁ አላውቅም። ግማሽ ደቂቃ ይሁን፣ ሁለት ደቂቃ ይሁን፣ ሦስት፣ አላውቅም።

አዴ ጭቃው ላይ ተቀምጠው ራሷን ይዘዋል። «ስንት ሆነ?» አሉኝ።

«አርባ ሰከንድ።»

«አርባ? የለም፣ ብዙ ቆይቷል!»

«ሰዓቱ ነው የሚለው።»

«ሰዓትህ ምን ያውቃል! ከንፈሯን እይ፣ ና እይ!»

አላየሁም። ዓይኔን ከቀይዋ አልነቀልኩም። የጠፋ ጊዜ እንዳለ እያወቅሁ፣ የቆጠራው መጀመሪያ ውሸት እንደሆነ እያወቅሁ፣ «ሁለት ደቂቃ... ሁለት ተኩል... አምስት አልሞላም፣ ገና ነው» እያልኩ ቆሜያለሁ። ያ ቁጥር ከእጄ ከወጣ የምይዘው ነገር የለኝም። ልክ እንዳልሆነ ማመን ማለት ልጄ መስመሩን አልፋለች ብሎ ማመን ነበር፤ እሱን ደግሞ አልቻልኩም። አዴ «ያ ረቢ! ይሄ ሰው ምን ሆኗል?» ብለው ጮኹ። ሐጂ እኔን ምንም ሳይጠይቁኝ ከመኪናው ዞረው መጡ፤ በዚያ ዕድሜያቸው ልጄን በሁለት እጃቸው አንሥተው ከኋላ አስገቧት። እኔም እንደታዘዘ ሕፃን ተከትዬ ገባሁ። መኪናው እንደተነሣ ተዋት፤ እፎይ ሳንል፣ ገና ሳትነቃ፣ ደገማት።

ከሳነቴ ወደ ጎባ የወረድንበትን መንገድ ልጽፈው ሞክሬ ብዙ ጊዜ ትቼዋለሁ። ሐጂ በዚያ ጭጋግ ውስጥ እንደዚያ ሲነዱ መኪናው ገደል ይግባ አይግባ ግድ አልነበረኝም። እሳቸው ለራሳቸው ቁርዓን ይቀራሉ፣ አዴ «ሂን ሶዳቲን፣ ሂን ሶዳቲን» ይላሉ፣ እኔ እመቤቴን እጠራለሁ። ልጄ ብትሞት የገደልኳት እኔ ነኝ፤ ይህንኑ ብቻ ነበር የማስበው። ቀይዋ መቼ እንደቆመች፣ ማን እንዳቆማት አላየሁም።

ጎባ ደርሰን መርፌ ተወጋች፤ ተዋት። እስከ ማግሥቱ ጠዋት ተኛች። ስትነቃ ስሟን ጠየቋት፣ ተናገረች፤ ባለቤቴ በመጀመሪያው ሚኒባስ ደርሳ ስለነበር እግሯን ይዛ አለቀሰች። እኔ ግድግዳው ሥር ቆሜ ነበር።

ያቺው ወጣት ሐኪም መጣች። ክኒኑን ከመቀየሯ በፊት ሁኔታውን በደንብ ማወቅ እንደምትፈልግ ነገረችን። ኮቴን ዳበስኩና ደብተሬን ሰጠኋት። ገለጥ ገለጥ አድርጋ አየችውና «እንዲህ በሥርዓት የጻፈልኝ ቤተሰብ የለም» አለች። መናገሩ ያሳፍረኛል፣ ግን በዚያች ሰዓት እንኳ ደስ አለኝ። ከዚያ ደብተሩን አልጋው ላይ አስቀመጠችው።

«አሁን ደግሞ ያዩትን ይንገሩኝ። ከየትኛው እጇ ነው የሚጀምረው?»

ዓይኔ ወደ ደብተሩ ሄደ።

«ዓይኗስ ወዴት ነው የሚዞረው? ፊቷ ወደ አንድ ጎን ይጎተታል?»

ዐሥራ ሰባት ጊዜ አጠገቧ ቆሜያለሁ። ሁለት ደቂቃ ከሦስት ሰከንድ የፈጀውን መች እንደሆነ ከነቀኑ መናገር እችላለሁ። የትኛው እጇ እንደሆነ ግን አላውቅም። የመለሱላት አዴ ናቸው፤ «ከግራ ነው ዶክተር፣ አውራ ጣቷ መጀመሪያ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፣ ዓይኗም ወደ ግራ ይሄዳል» አሉ። ባለቤቴም አንገቷን ነቅንቃ እንደዚያው ነው አለች።

ሐኪሟ ወደ ልጄ ዞረች። «አንቺስ? ሊመጣ ሲል ይታወቅሻል?»

ልጄ አንሶላውን እያየች «አዎ» አለች። ሁላችንም ደነገጥን፤ አንድም ቀን ጠይቀናት አናውቅም። «ሆዴ ውስጥ የሆነ ነገር ይነሣል። ከዚያ የሰው ድምፅ ይርቅብኛል። መናገር እፈልጋለሁ፣ አፌ እምቢ ይለኛል።»

«ታዲያ ምን ታደርጊያለሽ?»

«አባዬን አየዋለሁ።»

«እሱስ?»

«እሱ ሰዓቱን ያያል።»

ወቀሳ አልነበረበትም። የቤቱን ዕቃ እንደምትቆጥር ነው የተናገረችው፤ አልጋው እዚህ ነው፣ ወንበሩ እዚያ ነው፣ አባቴ ሰዓቱን ያያል። ወጥቼ ኮሪደሩ ላይ ተቀመጥኩ። አለቀስኩ ብዬ አላጋንንም፤ እንባ እንኳ አልመጣልኝም። ሳነቴ ላይ ቀና ብላ የዞረችው ወደ እኔ እንደነበር ነው የገባኝ። አዟዟሯን አውቃታለሁ ብዬ ስኩራራ የኖርኩባት እንቅስቃሴ፣ ልጄ እኔን የምትፈልግባት ነበረች። እኔ ያንን ፊት ማየት ስለማልችል ነው ሰዓቱን ያየሁት። ሐኪሟ በመጀመሪያው ቀን ቁጠር ስትለኝ ዓይኔን የማሳርፍበት ቦታ የሰጠችኝ መስሎኝ ተሸሸግሁበት።

ሐኪሟ ተከትላኝ ወጣች። አልተቆጣችኝም። ቀድሞ የሚታወቃት ከሆነ ከመውደቋ በፊት ይዞ ማስቀመጥ እንደሚቻል፣ ቆጠራው እንዳይቀር፣ ግን ሌላ ሰው እንዲይዘው ነገረችኝ። «እርስዎ እሷን ይዩ» አለችኝ። እሺ አልኩ። እንደዚያን ቀን «እሺ» ብዬ የፈራሁበት ጊዜ የለም።

አዲሱ ክኒን ጥሩ ሆነላት። ሦስት ወር ከምናምን ምንም አልመጣም። ሰዓቱን አልጣልኩትም፤ እጄ ላይ አለ፣ ደንበኛ ሲያስቸኩለኝ አየዋለሁ። ቆጠራውን ባለቤቴ በስልኳ እንድትይዝ ተስማምተን ነበር። እኔ የማደርገው መፍራት ብቻ ሆነ። ቀድሞ የምፈራው መውደቋን ነበር፤ አሁን ደግሞ ከመውደቋ በፊት ያለችውን ጥቂት ትንፋሽ ፈራሁ። ፊቷ ላይ ምን አያለሁ? ዓይኔን ብሰብርስ? እንደገና እጄ ወደ ቁልፉ ቢሄድስ?

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሱቅ ውስጥ ሦስታችንም አለን። ባለቤቴ ዕቃ ትደረድራለች፣ እኔ ብሎን እለካለሁ፣ ልጄ ለአንድ ደንበኛ ማጣሪያ ልታወርድ ከመደርደሪያው ሥር ቆማለች። እጇ አየር ላይ ቀረ። ዞረች፤ ወደ እኔ። አውራ ጣቴ ወደ ሰዓቱ ሲሄድ ተሰማኝና ብሎኑን ጨበጥኩበት። አየኋት። ዓይኖቿ ከመቼውም ይልቅ ሰፍተዋል፤ ሙሉ በሙሉ ነቅታ፣ ሙሉ በሙሉ ፈርታ፣ እኔን ታየኛለች። ከንፈሯ ሊናገር ይታገላል። እኔም ፈርቻለሁ፤ ጉንጬ ሲንቀጠቀጥ ይታወቀኛል፣ ልደብቀው አልቻልኩም። ባንኮኒውን ዞሬ ደረስኩባት። የግራ አውራ ጣቷ ወደ ውስጥ ሲታጠፍ አየሁ። ከዚያ ዓይኗ ወደ ግራ ሄደ፤ ክብደቷ ሁሉ እጄ ላይ ወደቀ። ወለሉ ላይ በቀስታ አስተኛኋትና ፊቷን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አየሁት። ከኋላዬ ባለቤቴ ትቆጥራለች። ሦስት ደቂቃ አልሞላም አለችኝ በኋላ።

ስትነቃ ራሷ ጭኔ ላይ ነበር። ውሃ ፈለገች፣ ትንሽ ቀመሰች። አዴ መጥተው በሩ ላይ ቆመዋል። ልጄ ለረጅም ጊዜ ፊቴን ስታየው ቆየች።

«አባዬ» አለች፤ ድምፅዋ ገና ሻካራ ነው።

«ወይ።»

«አንተም ትፈራለህ እንዴ?»

«በጣም» አልኳት።